ፈረሱን በቅርጫት ይዞ የመጣው

የሰደበኝ አዝመራው ነው። ቀኑ የአስተርእዮ ማርያም፣ ጥር ሃያ አንድ፣ ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት። ቦታው የወንድሜ የምስጋናው ግቢ፣ የልጁ ሠርግ ላይ፣ ልክ ከዳሱ በር። ይህን ያህል አጥርቼ የማውቀው ቂመኛ ስለሆንኩ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ። የተሰደበውን ያልተሰደበ አያውቅለትም።

በዚያ ክረምት ቦራዬ ሞታብኝ ነበር። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ባዝራ ነበረች፤ ስጠራት ከመስኩ ማዶ ጆሮዋን ታቆማለች። በእኛ በአዊ ደግሞ ሠርግ ያለ ፈረስ መሄድ ነጠላ ሳይለብሱ ቤተ ክርስቲያን እንደ መሳም ነው። ብቀር ወንድሜ ነው፤ ብሄድ እግረኛ ነኝ። ባዶ እጄን ከምሄድ ብዬ ጠዋት ከቤታችን ሥር ካለችው ባሕር ያወጣኋቸውን አምባዛዎች በቅርጫት አድርጌ፣ የኮባ ቅጠል አልብሼ ደረስኩ።

አዝመራው ዳማው ላይ ተቀምጦ ነበር። ዳማው ግላሱን ለብሶ፣ አንገቱን ቀስሮ፣ ከባለቤቱ ይበልጥ የሚኮራ ፈረስ ነበር።

«አድማሴ!» አለኝ፣ ሠርገኛው ሁሉ እንዲሰማ። «ፈረስህ የታለ?»

ቅርጫቱን አጥብቄ ያዝኩ። ጎንበስ አለና በአለንጋው ጫፍ የኮባውን ቅጠል ገለጥ አደረገው።

«ኧረ ተዉት! ፈረሱንማ በቅርጫት ይዞት መጥቷል! ከዛሬ ጀምሮ አባ አምባዛ በሉት!»

ጀግናን በፈረሱ ስም አባ እገሌ ብሎ መጥራት የእኛ ወግ ነው። የከበረውን ወግ አንሥቶ ጢማም ዓሣ ላይ ጫነብኝ። ዳሱ ተናወጠ። ወንድሜ ምስጋናው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ባለቤቴ እታለማሁ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲርገበገብ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ሳል ነው ትላለች።

ከዚያ በኋላ አድማሴ የሚለውን ስሜን እናቴ ብቻ ናት የምታውቀው፤ እሷም ሞተች። ቆሰበር ገበያ ድንች ይዤ ስወርድ «አባ አምባዛ፣ ጠጋ በል» ይለኛል የባጃጁ ሾፌር፣ አፉን ሳይፈራ። በሰላምታ ላይ፣ በደቦ ላይ፣ በለቅሶ ላይ አባ አምባዛ ነው። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ «አንተ ለከብት ነው የተፈጠርከው» ያለኝን መምህር አልረሳሁትም፤ እሱ ግን ሌላ አገር ተዛውሮ ስድቡን ይዞት ሄደ። የአዝመራው ስድብ እዚሁ ቀርቶ ከእኔ ጋር አረጀ።

መልሱ የመጣልኝ ዘግይቶ ነው። መልስ ሁልጊዜ ሠርገኛው ከተበተነ በኋላ ነው የሚመጣ። እንዲህ የሚል ነበር፦ «የእርስዎ ፈረስ ሲሞት ጅብ ይበላዋል፤ የእኔ ፈረስ ሲሞት ሰው ይበላዋል።» እርስዎ የምለው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ነው፤ በሐሳቤስ አንተ ነው። ይህን መልስ እንደ ማረሻ ስስለው ኖርኩ። ለባሕሯ ነግሬያታለሁ፤ ለላሜ ነግሬያታለሁ። የቀረኝ አዝመራው ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ እኔ ከፍ ብዬ የምናገርበት ቀን ነው። እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ ለእኔ ቢጤ ከየት ይመጣል? አዝመራው ያለበት ለቅሶ ላይ እኔ ፈጥኜ እነሣለሁ፤ የእሱን ወሬ ሲጀምሩልኝም ጆሮዬን እዘጋለሁ።

ዘንድሮ ቀኑ በእግሩ መጣ።

የእኛ ቤት ከአዘናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ባሕሯ ዳር ካለች ጉብታ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃው ዙሪያዋን ይከባትና ጉብታዋ ደሴት ትሆናለች፤ እስከ ኅዳር ድረስ የምንወጣውም የምንገባውም በግንድ ድልድይ ነው። መስቀል ባለፈ ሰሞን በዚያ ግንድ ላይ ትዕግስት ጫማዋን በእጇ ይዛ እየተንገዳገደች መጣች። ትዕግስት የቀበሌያችንን ወጣቶች ሁሉ የምታንቀሳቅስ ልጅ ናት።

«አያ አድማሴ፣ እንደምን ዋሉ?»

አድማሴ በማለቷ ወንበር ሰጠኋት።

«የፊታችን ቅዳሜ የአበባ ሰሞን በዓል ልናደርግ ነው» አለችኝ። «አደዩ ሳይረግፍ። ሩጫ አለ፣ የገመድ ጉተታ አለ፣ የድንች ኤግዚቢሽን አለ...»

«የድንች ምን?»

«ድንች ማሳየት ነው።»

«ድንች አይተን የማናውቅ!»

«ለእንግዳ ነዋ አያ! ዋናው ግን እሱ አይደለም። እዚህ ባሕሯ ላይ የዓሣ ማጥመድ ውድድር እናደርጋለን። ከዳንግላም፣ ከጫግኒም የሚመጡ አሉ። እርስዎ ካልገቡበት ምኑ ውድድር ሆነ?»

«ሽልማቱስ?»

አንገቷን ደፋች። «ኮርቻ ነው።»

«ለዓሣ?»

«ፈረሰኞቹ ናቸው የሰጡን። ሌላ ምን ይሰጣሉ? ደግሞ ያሸነፈ ሰው እንደ ጉግሱ በፈረስ ስሙ ይጠራል፤ ማይክ ይሰጠዋል፤ ይፎክራል።»

ማይክ ስትል ጠጋ አልኩ። «አዝመራው ይመጣል?» አልኳት፣ እንደ ዋዛ።

«የክብር እንግዳ ነው እንጂ! ጫግኒ ልጁ ዘንድ ሲታከም ከርሞ ተመልሷል።»

«በይ መዝግቢኝ።»

እታለማሁ ከጓሮ ሁሉንም ሰምታ ኖሮ ትዕግስት እንደወጣች መጣች። «ኮርቻውን ካገኘህስ የምስጋናው ባዝራ ከብዳለች። ውርንጭላውን ብትጠይቀው አይከለክልህም፤ ወንድምህ ነው።»

«ከሳቀብኝ ሰው ውርንጭላ!»

«አንተ ሰውዬ፣ የሳቀብህን ሁሉ ከተውክ ከማን ጋር ልትኖር ነው? ከአምባዛ ጋር?»

እሷም ያው ናት።

ቅዳሜ ባሕሯ ዳር ሰው እንደ ጉንዳን ፈሰሰ። ድንኳን ተተክሏል፤ ድንቹ በጠረጴዛ ላይ ታጥቦ ተደርድሮ እንደ ሙሽራ ይታያል። አንዷ ሴትዮ «ጽጌን ለምንጾምስ ዓሣው ምን ያደርግልናል?» እያለች ታጉረመርማለች፤ ግን ከፊት ቦታ ይዛለች። እኛ ተወዳዳሪዎቹ ዳር ዳሩን ተሰለፍን። የዳንግላው ሰው የሚታጠፍ የሱቅ ዘንግ ይዟል። እኔ ሁለት የቀርከሃ ዘንግ፣ መንጠቆ፣ ክር፣ የቡሽ ቁራጭና በጣሳ ትል። አዝመራው ድንኳኑ ውስጥ የክብር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ከዘራ ይዟል። ከሳ አልከሳ ጉዳዬ አይደለም፤ ጆሮው ይስማ እንጂ።

ማይኩን የያዘው ኪዳኑ ነበር። ኪዳኑ በሠርግና በፈረስ ጉግስ ላይ የሚለፈልፍ ሰው ነው፤ ሌላ መለፍለፍ አያውቅም።

«ተነሣ እንግዲህ! ተፈታ! የወንድ ልጅ ቀን ዛሬ ነው! ምታ ነጋሪቱን!»

ከበሮው ተመታ፣ ጥሩምባው ተነፋ፣ ፈረሰኞቹ ሆ ብለው የውኃውን ዳር ዳር ይጋልቡ ጀመር። እኛን ሊያደፋፍሩ ነው። መሬቱ ከእግሬ ሥር እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጣል። የእኛ ሰው በዓል የሚያውቀው አንድ ነው፤ ፈረስ የሌለበት ነገር በዓል አይመስለውም። ዓሣ ግን በጆሮው ብቻ አይደለም የሚሰማ፤ በገላው ሁሉ ነው። በዚያ ድብልቅልቅ ላይ አንድም ዓሣ ወደ ዳር አይመጣም።

ቡሼ ውኃው ላይ ሳይነቃነቅ ቁጭ አለ። የዳንግላውም ቁጭ አለ። ሰው መሰላቸት ጀመረ። አንዱ ጎረምሳ «ለምን ብርብራ ወቅጠን አንበትንም? ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል» አለ።

«የባሕሯን ዘር ልትጨርስ ነው? ብርብራውን ራስህ ጠጣው!» አልኩት።

ትዕግስት ወደ እኔ እየሮጠች መጣች፤ ዓይኗ እንባ ያዘለ ነው። «አያ አድማሴ፣ ዓሦቹ ምን ሆነው ነው የማይመጡ? ዛሬ አንድ እንኳ ካልተያዘ ለከርሞ የሚሰማኝ የለም።»

«ፈረሶቹን አርቂልኝ።»

«ነግሬያቸዋለሁ። እየሳቁ ያልፉኛል።»

ተነሣሁና እኔው ጮህኩ። «ፈረሱን ከውኃው ዳር አርቁት! ከበሮውን ተዉት!»

ኪዳኑ በማይኩ ተቀበለኝ። «ኧረ አባ አምባዛ ተቆጡ! ፈረስ ፈሩ መሰል!»

እንደ ሠርጉ ቀን ተሳቀ። ዘንጌን ሰብሬ ልሄድ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የሳልኩት መልስ አፌ ላይ ነው፤ ግን ሳያሸንፉ ማይክ የለ፤ ሳይዙ ማሸነፍ የለ።

ያኔ አዝመራው ከወንበሩ ተነሣ። በከዘራው እየተደገፈ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ወደ ፈረሰኞቹ መንገድ መሐል ገብቶ ቆመ። መጀመሪያ የደረሰው ፈረሰኛ ልጓሙን ሰበሰበ።

«ውረድ!» አለው በአገውኛ። ቀጥሎ ለሁሉም ጮኸ። «ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስትደርሱ ምን ታደርጋላችሁ? ትወርዱ የለም? ዛሬ ይቺን ባሕር እንደዚያ ቁጠሯት። ውረዱና ፈረሱን ወደ መስኩ ሳቡ። ኪዳኑ፣ አንተም አፍህን ዝጋ። ከፈረሱ ያንተ ድምፅ ነው የባሰ።»

ፈረሰኞቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ከበሮው ዝም አለ። ሰዉ ሁሉ የቅዳሴ ያህል ጸጥ አለ፤ ቄጤማው ውስጥ የተደበቀች ወፍ ስትንጫጫ ተሰማ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በእኛ አገር በዓል ላይ አይቼ አላውቅም።

አመስግኑኝ ብሎ ወደ ድንኳኑ ይመለሳል ብዬ ነበር። አልተመለሰም። እየጎተተ ወደ እኔ መጣ።

«እዚህ ልቀመጥ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ባሕሯ የእኔ አይደለችም። ይቀመጡ።»

እያቃሰተ ተቀመጠ። ዝም ብሎ ከሚያፈጥብኝ ብዬ ሁለተኛውን ዘንግ እጁ ላይ አኖርኩለት።

«የቱን ነው የማይ?»

«ቡሹን።»

«ይኼን ሁሉ ዘመን ቡሽ ነው ስታይ የኖርከው?»

«እርስዎስ የፈረስ ጆሮ ነው ሲያዩ የኖሩት።»

ትከሻው በሳቅ ተነቀነቀ። «እሱስ እውነትህን ነው።» ዘንጉን በእጁ አደላደለና «አሁንማ እሱም የለ» አለ።

«ምኑ?»

«ዳማዬ ነዋ። አልሰማህም?»

«አልሰማሁም።»

ቡሹን እያየ ነገረኝ። ድምፁን ዝቅ ያደረገው ለዓሣው ይሁን ለሌላ ነገር አላወቅኩም። «ስንወድቅ አብረን ነው። ገደል ቢጤ ነች፣ ሣር የሸፈናት። የእኔን ዳሌ ሐኪም ጠገነው። የፈረስ እግር ማን ይጠግናል? እኔን በቃሬዛ ሲያነሡኝ እሱ መስኩ ላይ ተኝቶ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየኛል። ጠብቁልኝ ብዬ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ በእኔ ድንጋጤ ረሳው። ጅብ በላው። ሳይሞት ነው አሉኝ።»

ጅብ የሚለው ቃል ከእሱ አፍ ሲወጣ የተሰረቅኩ መሰለኝ። የእኔ ቃል ነበር። ያን ያህል ዘመን ስስለው የኖርኩት። ደግሞ ቦራዬ ትዝ አለችኝ፤ እሷስ ስትሞት ራሷ ጭኔ ላይ ነበር። «እግዜር ያጽናዎት» ማለት ለፈረስ ይሆን አይሆን እያሰብኩ ሳለሁ ቡሼ ስጥም አለ።

ዘንጉ ጎበጠ። ክሩ ውኃውን እየሰነጠቀ ወደ መሐል ሄደ። ዘልዬ ተነሣሁና ሳብኩ። እሱም ሳበ። ክሬ እንደ ክራር ጮኸ።

«ልጓሙን አላላለት!» አለኝ አዝመራው።

«ዓሣ ነው እኮ!»

«አፉ ውስጥ ብረት ያለበት ሁሉ ፈረስ ነው! አላላለት እልሃለሁ! ይሩጥ፣ ሲደክመው ራሱ ይዞራል!»

ስንት ዘመን ያጠመድኩ ሰው ነኝ፤ የምሠራውን አውቃለሁ። ግን ሕዝብ ሲያየኝ እጄ ደንድኖ፣ ከማላላት ይልቅ እየሳብኩ ነበር። አላላሁለት። ሮጠ። ዞረ። መልሼ ሰበሰብኩ። «እንደሱ! በቀስታ! በሶምሶማ አምጣው!» ይለኛል አዝመራው፤ ዳሌውን ረስቶ በጉልበቱ ቆሟል። ሰዉ ጸጥታውን ይዞ አፉን በእጁ አፍኗል። ጢማሙ ራስ ከቄጤማው ብቅ ሲል እታለማሁ ነበረች መጀመሪያ እልል ያለችው።

የሰው ጭን የሚያህል አምባዛ ነበር። የዳንግላውም ሰው ኋላ ሁለት ቀረሶ ዓሣ ያዘ፤ ሌሎችም አወጡ፤ ባሕሯ ዝም ያሉላትን አላሳፈረችም። በድንቹ ሚዛን ሲመዘን ግን ከእኔ ጋር የሚደርስ አልነበረም። ትዕግስት እየሳቀች እያለቀሰች ነበር። ከጫግኒ የመጡት ለከርሞ ልጆቻቸውን ይዘው እንደሚመጡ ሲነግሯት ሰማሁ።

ኮርቻውን ትከሻዬ ላይ አኖሩልኝ። አዲስ ቆዳ ነው፤ ሽታው የቦራዬን ጀርባ አስታወሰኝ። ኪዳኑ ማይኩን አቀበለኝና እንደ ጉግሱ ጠየቀ።

«የፈረስ ስም?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት ሜዳው ሁሉ መለሰ።

«አባ አምባዛ!»

እልልታው ተከተለ። ፈረሰኞቹ መስኩ ላይ እንደቆሙ በትራቸውን ወደ ላይ አነሡ። ያ ስም እንዲህ ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሁሉም ፉከራዬን ይጠብቃል። አዝመራው ከፊቴ ቆሟል፤ አንድ እጁ ከዘራ፣ አንድ እጁ የእኔን ዘንግ ይዟል። ልማዱ አይለቀውም። አገጩን ቀና አደረገ።

«እንግዲህ ኮርቻ አገኘህ፣ አባ አምባዛ! ምን ላይ ልትጭነው ነው? የአምባዛው ወገብ እንደሆን ያዳልጣል!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሳያልቅ «መልስ! መልስ!» ይሉኝ ጀመር። ወንድሜ ምስጋናውም ከመሐል እጁን አፉ ላይ አድርጎ «መልስለት እንጂ!» ይላል።

ቀኑ ይኸው። ማይኩ ይኸው። ሕዝቡ ይኸው። የእርስዎ ፈረስ ሲሞት የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። የሚቀጥለውን ቃል ደግሞ ከእኔ በፊት እሱ ተናግሮታል፤ ያውም በሹክሹክታ፣ ለእኔ ብቻ።

አየሁት። በጉግስ ላይ በትር የወረወረ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይጋልባል፤ የተወረወረበት ደግሞ በተራው እንዲያባርረው ነው ወጉ። አዝመራው እንደዚያ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ እየሳቀ፣ በትሬን እየጠበቀ። የያዝኩት በትር ግን የጨዋታ አልነበረም።

ማይኩን ለኪዳኑ መለስኩለት።

«ፉከራውስ?» አለኝ ኪዳኑ ደንግጦ።

ኮርቻውን ትከሻዬ ላይ አደላደልኩና መንገዴን ጀመርኩ። እታለማሁ አምባዛውን ከነቅርጫቱ አነሣች። ሰዉ ሁለት ቦታ ተከፍሎ አሳለፈን። ምስጋናው አጠገብ ስደርስ እጁን ኮርቻው ላይ አሳረፈና ቆዳውን ዳበስ አደረገው፤ እኔም እጁን አንሣ አላልኩትም።

«ኧረ አባ አምባዛ!» አለ አዝመራው ከኋላዬ። «ዘንግህን ረሳኸው!»

አልረሳሁትም።

«ሰኞ ጠዋት ላምጣልህ?» አለ ደግሞ፤ ድምፁ እንደ ቅድሙ የሜዳ አልነበረም። «እግረ መንገዴን ትሉን እንዴት እንደምትሰካ አሳየኝ! ሰማኸኝ?»

ሰምቼዋለሁ። የግንዱ ድልድይ ላይ እግሬን አኖርኩ። ከኮርቻው ጋር መሻገር ይከብዳል፤ እርካቡ እየተወዛወዘ ጉልበቴን ይመታኛል። ማዶ፣ ከቤታችን በላይ ያለው መስክ አደይ ለብሶ ቢጫ ሆኗል፤ ውርንጭላ ቢለቁበት እስከ ሆዱ ይሰጥማል። ዞር ሳልል፣ ሳልመልስለት ተሻገርኩ።